የጃፓን አገር የግዛት አከፋፈልና የአካባቢ አስተዳደር

በንግድ ሥራ የተሰማራ ሰው ከአንድ የውጭ አገር ጋር ለመገበያየት ሲያስብ በመጀመሪያ የሚመረምረው የዕቃውን ዋጋ፥ የማጓጓዣውን ኪራይና የቀረጡን ልክ ነው። ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን ከዚህ የማያንስ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በዚያ አገር ፈቃድ የሚሰጠው የትኛው ሹም ነው? ግብር የሚሰበስበውስ ማን ነው? ውል የሚገባው መሥሪያ ቤት ቃሉን የሚፈጽምበት ገንዘብ አለውን? የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው የአገሩን የግዛት አከፋፈልና የአካባቢ አስተዳደሩን ደረጃ በመመርመር ነው።

ለዚህም ጥናት የጃፓን አገር መልካም ምሳሌ ትሆናለች። ጃፓን ደሴቶችዋ ብዙዎች ናቸው፤ በ2023 የወጣው የመንግሥት ቈጠራ 14,125 መሆናቸውን አስታውቋል። ከነዚህ ውስጥ ታላላቆቹ ሆካይዶ፥ ሆንሹ፥ ሺኮኩና ክዩሹ ናቸው። በባሕርና በተራራ እንዲህ ተከፋፍላ 124 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚኖርባት አገር ብዙ የአስተዳደር ደረጃ ያስፈልጋት ይመስላል፤ ሆኖም ከማዕከላዊው መንግሥት በታች ያሉት ደረጃዎች ሁለት ብቻ ናቸው። በ1931 የታወጀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ1889 የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት በአርአያነት ተመልክቶ የተዘጋጀ ስለ ነበረ፥ የዚያ አገር አስተዳደር ነገር ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የአከፋፈሉ አመጣጥ

እስከ 1868 ድረስ የጃፓን አገር ዳይምዮ በሚባሉ ባላባቶች የተከፋፈለች ነበረች። ባላባቶቹም በሾጉኑ፥ ማለት በታላቁ የጦር አለቃ፥ የበላይነት ሥር ሆነው እያንዳንዳቸው ግዛታቸውን ያስተዳድሩ፥ ግብሩንም በሩዝ ይቀበሉ ነበር። በ1868 ሥልጣን ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ከተመለሰ በኋላ አዲሱ መንግሥት በ1871 ከ260 የሚበልጡትን የባላባት ግዛቶች በአንድ አዋጅ ሻረ። በምትካቸውም መጀመሪያ 305 ጠቅላይ ግዛቶችን አቆመ፤ ቍጥሩ እጅግ ስለ በዛም በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ 75 አወረደው። በ1888 ጠቅላይ ግዛቶቹ 47 ሆኑ። ኦኪናዋ ከ1945 እስከ 1972 በአሜሪካ አስተዳደር ሥር ከቈየችበት ዘመን በቀር ይህ ቍጥር እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

የታችኛው ደረጃ ታሪክ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በ1888 የአገር ግዛት ሚኒስትር የነበሩት ያማጋታ አሪቶሞ ከጀርመናዊው የሕግ አማካሪ ከአልበርት ሞሰ ጋር ሆነው የከተሞችንና የመንደሮችን ሕግ አዘጋጁ። ሕጉ በ1889 በሥራ ላይ ሲውል 71,314 የነበሩት ከተሞችና መንደሮች ተጠቃለው 15,859 ሆኑ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ ጥቂት ቤተ ሰቦች የሚኖሩበት መንደር ትምህርት ቤት ሊያቆም፥ የሕዝብ መዝገብ ሊይዝና ግብር ሊሰበስብ አቅም አልነበረውም። ስለዚህ አንድ መንደር ቢያንስ ከ300 እስከ 500 ቤተ ሰብ እንዲኖረው ታሰበ።

በዚያ ዘመን የጠቅላይ ግዛቶቹ አገረ ገዥዎች ከማዕከል የሚሾሙ የአገር ግዛት ሚኒስቴር ሹማምንት ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ ተለወጠ። አዲሱ ሕገ መንግሥት ስምንተኛውን ምዕራፍ ለአካባቢ አስተዳደር ሰጠ፤ የአካባቢ ራስ ገዝ አስተዳደር ሕግም ከሕገ መንግሥቱ ጋር በአንድ ቀን፥ ግንቦት 3 ቀን 1947፥ በሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ አገረ ገዥው በሕዝብ ይመረጣል። የአገር ግዛት ሚኒስቴሩም በዚያው ዓመት መጨረሻ ተዘጋ።

ሁለቱ ደረጃዎች

የላይኛው ደረጃ ጠቅላይ ግዛቱ ነው። በጃፓንኛ አራት ዓይነት ስም አለው፤ ቶኪዮ «ቶ»፥ ሆካይዶ «ዶ»፥ ኦሳካና ኪዮቶ «ፉ»፥ የቀሩት 43ቱ «ኬን» ይባላሉ። ልዩነቱ ከታሪክ የመጣ ሲሆን፥ ከቶኪዮ በቀር በሥልጣን ላይ የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው።

የታችኛው ደረጃ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ይህም ከተማ፥ አነስተኛ ከተማ ወይም መንደር ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ በጠቅላላው 1,718 ሲሆኑ፥ የቶኪዮ 23 ልዩ ቀበሌዎች ሲጨመሩ 1,741 ይሆናሉ። አንድ ስፍራ «ከተማ» ለመባል በሕጉ መሠረት 50,000 ሕዝብ ሊኖረውና ከቤቶቹም ከ100 እጅ 60ው በመካከለኛው ሰፈር ሊገኙ ይገባል። አንድ ጊዜ ከተማ የተባለ ግን ሕዝቡ ቢቀንስም ስሙን አይነጠቅም፤ በሆካይዶ የምትገኘው ኡታሺናይ ነዋሪዎችዋ ከ3,000 በታች ሲሆኑ እስካሁን ከተማ ትባላለች። ዮኮሃማ ከ3 ሚሊዮን ተኩል የሚበልጥ ሕዝብ ያላት ማዘጋጃ ቤት ናት፤ ከቶኪዮ በስተ ደቡብ በባሕር ላይ ወደ 360 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው የአኦጋሺማ ደሴት መንደርም 200 የማይሞላ ሕዝብ ይዛ ማዘጋጃ ቤት ናት።

በሁለቱም ደረጃዎች ሕዝቡ ሁለት ወገን ይመርጣል፤ አንደኛ ዋናውን ሹም፥ ሁለተኛ የምክር ቤቱን አባሎች፤ የሁለቱም ዘመን 4 ዓመት ነው። ምክር ቤቱ ከአባሎቹ ሁለት ሦስተኛው ተገኝተው ከተገኙትም ሦስት አራተኛው ከተስማሙ በሹሙ ላይ እምነት ማጣቱን ሊገልጽ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሹሙ በ10 ቀን ውስጥ ምክር ቤቱን ካልበተነ ከሥልጣኑ ይወርዳል። ነዋሪዎቹም ከመራጮች አንድ አምሳኛው ከፈረሙ አዲስ ደንብ እንዲወጣ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ይሁን እንጂ ግብርን የሚመለከት ደንብ ከዚህ መብት ውጭ ነው።

በዚህ ላይ ነጋዴ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። «ኩ» የሚባለው ቀበሌ ሁለት ዓይነት ነው። መንግሥት ልዩ ሥልጣን የሰጣቸው እንደ ኦሳካ፥ ናጎያና ዮኮሃማ ያሉ 20 ታላላቅ ከተሞች በቀበሌ ይከፈላሉ፤ ነገር ግን ቀበሌዎቹ የከተማው ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። የቶኪዮ 23 ቀበሌዎች ግን የራሳቸውን ሹምና ምክር ቤት ይመርጣሉ። እነርሱም ቢሆኑ ውሃውን፥ የእሳት አደጋ መከላከያውንና የመሬትና የሕንፃ ግብሩን ለቶኪዮ ጠቅላይ ግዛት ይተዋሉ። ስሙ አንድ ስለ ሆነ ሥልጣኑ አንድ የሚመስለው ሰው ደብዳቤውን ወደማይመለከተው ሹም ይልካል።

ሥራና ግብር

የሥራው ክፍያ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጠቅላይ ግዛቱ ፖሊስን፥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችንና ታላላቅ መንገዶችን ይይዛል። ማዘጋጃ ቤቱ የነዋሪዎችን መዝገብ፥ የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን፥ የመጠጥ ውሃን፥ ቆሻሻ ማስወገድንና እሳት አደጋን ይይዛል። ጉምሩክና ከውጭ የሚገባ ዕቃ ምርመራ ግን የማዕከላዊው መንግሥት ሥራ ነው። በ2008 በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ መድኃኒት ርዝራዥ ተገኘ ተብሎ ወደ ጃፓን የሚላከው ቡና እጅግ በቀነሰ ጊዜ ጉዳዩን የያዘው የማዕከላዊው መንግሥት የጤና ሚኒስቴር ነበር። ያንኑ ቡና አፍልቶ የሚሸጥ ቡና ቤት ለመክፈት ግን ፈቃዱ የሚጠየቀው ከአካባቢው የጤና ጥበቃ ጣቢያ ነው።

ግብሩም እንዲሁ የተከፋፈለ ነው። በመሬትና በሕንፃ ላይ የሚከፈለው ግብር፥ መደበኛ ልኩ ከ100 እጅ 1.4 ሲሆን፥ ለማዘጋጃ ቤቱ ይገባል። የንግድ ሥራ ግብር ለጠቅላይ ግዛቱ ይገባል። ዕቃ ሲገዛ ከ100 እጅ 10 ከሚከፈለው ግብር ውስጥ 7.8ቱ ለማዕከላዊው መንግሥት፥ 2.2ቱ ለአካባቢ አስተዳደር ይሰጣል። ይህ ሁሉ ለብዙዎቹ አካባቢዎች ስለማይበቃ ማዕከላዊው መንግሥት ከገቢ ግብርና ከኩባንያዎች ግብር ከ100 እጅ 33.1፥ ከመጠጥ ግብር ደግሞ ግማሹን እያነሣ ለአካባቢ አስተዳደሮች ያከፋፍላል። ጠቅላይ ግዛቱ ቶኪዮ ግን ሀብታም ስለ ሆነች ከዚህ አትካፈልም። ጃፓናውያን ራሳቸው አስተዳደራቸውን «የሦስት አሥረኛ ራስ ገዝነት» እያሉ ይተቹት የነበረው፥ የአካባቢው የራሱ ግብር ከገቢው ሦስት አሥረኛ ያህል ብቻ ስለ ነበረ ነው።

የንግድ ማኅበሮቹም አቋም ይህንኑ አከፋፈል ይከተላል። በ1878 ሺቡሳዋ ኤይቺ የቶኪዮን የንግድ ምክር ቤት ከመሠረቱ ወዲህ ምክር ቤቶች በየከተማው ተስፋፍተዋል፤ ዛሬ በ1953 በወጣው ሕግ ይተዳደራሉ። ለአነስተኛ ከተሞችና ለመንደሮች ደግሞ በ1960 የወጣ ሌላ ሕግ የንግድና የኢንዱስትሪ ማኅበሮችን አቋቁሟል።

ማዘጋጃ ቤቶችን ስለ ማዋሐድ

በ1947 ማዘጋጃ ቤቶቹ የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማቆም ግዴታ በተጫነባቸው ጊዜ የ1889ኙ መንደር ለዚህ ሸክም ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በ1953 በወጣ ሕግ አንድ ማዘጋጃ ቤት ቢያንስ 8,000 ሕዝብ እንዲኖረው ታስቦ፥ 9,868 የነበሩት በ1961 3,472 ሆኑ። ሦስተኛው ውሕደት በ1999 ተጀመረ። ለሚዋሐዱት ልዩ ብድር ተፈቀደ፤ ብድሩ ከአንድ ሥራ ወጪ ከ100 እጅ 95ን ሲሸፍን፥ ከዕዳው 70 እጅ ያህሉን መንግሥት ይተካ ነበር። በዚህም 3,232 የነበሩት በ2010 ወደ 1,727 ወረዱ።

ከውሕደቱ የተገኘ ጥቅም አለ፤ ሹማምንትና የምክር ቤት አባሎች ቀነሱ፥ መሣሪያና ባለሙያ በአንድ ላይ ተሰበሰበ። ነገር ግን የጠፋም አለ። በተራራ መካከል የሚኖር ሽማግሌ ጉዳዩን የሚሰማው ሹም ራቀበት፤ በቀድሞው መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ይተዳደር የነበረው ባለ ሱቅም ደንበኞቹን አጣ። በፉኩሺማ ጠቅላይ ግዛት የምትገኘው የያማጹሪ አነስተኛ ከተማ ምክር ቤት ይህን አስቀድሞ በማሰብ በጥቅምት 2001 ከማንም ጋር እንደማይዋሐድ አስታወቀ። ዋጋውንም ከራሱ ኪስ ከፈለ፤ የአባሎቹን ቍጥር ቀነሰ፥ ከ2008ም ጀምሮ የወር ደመወዛቸውን አስቀርቶ በሥራ ለተገኙበት ቀን ብቻ 30,000 የን እንዲከፈላቸው ወሰነ። የከተማይቱ ቤተ መጻሕፍትም ከመላው አገር በስጦታ በተላኩ መጻሕፍት ተቋቋመ።

የዩባሪ ከተማ ዕዳ

ገንዘብ ሳይኖር ሥልጣን ብቻውን ምን እንደሚያስከትል ያሳየችው በሆካይዶ የምትገኘው ዩባሪ ናት። ይህች የድንጋይ ከሰል ከተማ በ1960 ወደ 117,000 የሚጠጋ ሕዝብ ነበራት። ማዕድን ማውጫዎቹ ግን አንድ በአንድ ተዘጉ፤ የመጨረሻው የተዘጋው በ1990 ነው። ማዘጋጃ ቤቱም ሕዝቡን ለማቈየት ሲል ወደ ጐብኚዎች ንግድ ዞረ፤ መዝናኛ ስፍራ፥ ሆቴልና የበረዶ መንሸራተቻ በብድር ያዘ። ገቢው ሳይመጣ ሲቀር በዓመቱ መዝጊያ ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው በአጭር ጊዜ ብድር እያዘዋወረ ጕድለቱን ሸፈነ፤ መዝገቡም ጤነኛ መሰለ።

በ2006 እውነቱ ወጣ። በመጋቢት 2007 ዩባሪ በመንግሥት ተቈጣጣሪነት ሥር ገባች፤ 35.3 ቢሊዮን የን የሚሆነውን ጕድለት በ18 ዓመት እንድትሸፍን ታዘዘች። የምክር ቤት አባሎች ከ18 ወደ 9 ወረዱ፤ የሠራተኞቹ ቍጥር ወደ ግማሽ ቀነሰ፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹ ወደ አንድ፥ የመካከለኛዎቹም ወደ አንድ ተጠቃለሉ፤ ሆስፒታሉ ክሊኒክ ሆነ፤ ግብሩ ግን ጨመረ። ብድሩን የፈረሙት ሹማምንት ቢሄዱም ዕዳው ከነዋሪው ጋር ቀረ። ዛሬ የከተማይቱ ሕዝብ 7,000 አይሞላም። ይሁንና መሬትዋ አልከዳቻትም፤ በ2019 ሁለት የዩባሪ ሜሎኖች በሳፖሮ ጨረታ 5 ሚሊዮን የን ተሸጠዋል። ከቶኪዮ ጠቅላይ ግዛት ተልከው በዩባሪ የሠሩት፥ ኋላም በ2011 ከንቲባዋ ሆነው የተመረጡት ሱዙኪ ናኦሚቺ በ2019 የሆካይዶ አገረ ገዥ ሆነዋል።

የጃፓን መንግሥትም ከዚህ ተምሮ በ2007 ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤትና ጠቅላይ ግዛት የዕዳውንና የገቢውን ሚዛን በየዓመቱ አስመርምሮ ለሕዝብ ያስታውቃል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። የአስተዳደር ደረጃ በካርታ ላይ በተሠመረ ድንበር ወይም በሹሙ ማዕርግ ብቻ አይመዘንም፤ የሚመዘነው በተሰጠው ሥራና ያንን ሥራ ለመፈጸም በያዘው ገንዘብ ነው። የጃፓን ጠቅላይ ግዛቶች ከ1888 ጀምሮ በቍጥራቸው ሲጸኑ መንደሮቹ ሦስት ጊዜ የተዋሐዱት፥ ሥራው ሁልጊዜ ከገንዘቡ እየቀደመ ስለ ሄደ ነው። ስለዚህ ከአንድ አካባቢ ጋር ለመዋዋል የሚያስብ ነጋዴ የከንቲባውን ፊርማ ከመቀበሉ በፊት የማዘጋጃ ቤቱን የሒሳብ ሚዛን ቢመለከት ይጠቀማል። ሚዛኑ ለሁሉ ክፍት ሆኖ የተቀመጠው ሌላ ዩባሪ እንዳይፈጠር ነውና።