የተሰጠን አባባል ይዞ ድርሰት መጻፍ

እኔ የ8ኛ ክፍል ተማሪና የሚኒ ሚዲያ ክበባችን አባል ነኝ። ዛሬ በትምህርት ዓምዳችን ይዤላችሁ የቀረብኩት በአማርኛ ፈተና ላይ ብዙዎቻችንን የሚያስጨንቀንን ጥያቄ ነው። ጥያቄው አንድ አባባል ይሰጠንና «በአባባሉ ትስማማላችሁ? ካነበባችሁት ልብ ወለድ ማስረጃ እየጠቀሳችሁ ድርሰት ጻፉ» ይላል። ምርጫ ቢሆን ኖሮ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለን እናከብ ነበር። ይኼ ግን ባዶ ወረቀት ነው፤ ባዶ ወረቀት ደግሞ ያስፈራል። ሥርዓቱን ካወቅነው ግን ፍርሃቱ ይቀላል።

ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ነውና አንድ ምሳሌ እንያዝ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩ ከዓባይ ማዶ ጎጃም ውስጥ የሚፈጸም ስለሆነ ለእኛ ሩቅ አይደለም። መጽሐፉን ያላነበበ እንኳ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ሰምቶ ይሆናል። ባጭሩ ታሪኩ እንዲህ ነው፦ በዛብህ ወላጆቹ በስለት ለእግዚአብሔር የሰጡት የገበሬ ልጅና የቤተ ክህነት ተማሪ ነው። ሰብለ ወንጌል ደግሞ የባላባቱ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። አባቷ ለጋብቻ የሚጠይቋትን ሁሉ «በዘር አይመጥኑንም» እያሉ ይመልሳሉ። በዛብህ ሊያስተምራት ቤታቸው ይገባል፤ ይዋደዳሉ። በኋላ እሱ ለሕይወቱ ሰግቶ ይሰደዳል። እሷም የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ትከተለዋለች፤ ስታገኘው ግን ለሞት ተቃርቧል።

ፈተናው ላይ የመጣው አባባል ይህ ነው እንበል፦

«ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል መከራ ተጠያቂው ፊታውራሪ መሸሻ ብቻ ናቸው።»

1ኛ. አባባሉን መፈተሽ

ብዙ ተማሪ የገጸ ባሕርያቱን ስም እንዳየ «በዛብህ የሚባል ልጅ ነበር» ብሎ ታሪኩን ከመጀመሪያው መተረክ ይጀምራል። ሦስት ገጽ ሞልቶ ሲጨርስ ጥያቄው እንዳለ ቁጭ ብሏል። መምህሩ መጽሐፉን አንብበውታል፤ የሚፈልጉት ታሪኩን ሳይሆን የእኛን ፍርድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቁልፍ ቃላቱን እናስምርባቸው፦ «መከራ»፣ «ተጠያቂ»፣ «ብቻ»። ከእነዚህ ሁሉ ትልቋ ትንሿ ቃል ናት። «ብቻ» ባትኖር አብዛኞቻችን በአባባሉ እንስማማ ነበር። «ብቻ»፣ «ሁልጊዜ»፣ «ሁሉም»፣ «ከሁሉ በላይ» የሚሉ ቃላት ሲመጡ ጆሯችንን እናቁም፤ ክርክሩ ያለው እነሱ ዘንድ ነው።

2ኛ. አቋም መያዝ

መልሳችን ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል፦ እስማማለሁ፣ አልስማማም፣ በከፊል እስማማለሁ። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። አባባሉን የሰጡን መምህር ስለሆኑ መቃወም ድፍረት ይመስለናል፤ ታላቅ የተናገረውን መመለስ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ግን አስተውሉ፣ ጥያቄው ራሱ «ትስማማላችሁ?» ብሏል፤ እንድንናገር ተፈቅዶልናል። ደግሞስ የመጻሕፍት ሊቃውንት አንዱን ቃል ሲተረጉሙ «አንድም» ብለው ሌላ ትርጉም ይጨምሩ የለም እንዴ? ሁለተኛው ትርጉም የመጀመሪያውን አይሰድበውም። እኛም በጨዋ ቃልና በማስረጃ ከተናገርን መቃወም ስድብ አይሆንም።

አቋማችንን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንጻፈው። የእኔ ይህ ነው፦ «ፊታውራሪ መሸሻ ትልቁን ድርሻ ቢይዙም ብቻቸውን ተጠያቂ አይደሉም፤ ሰውን በዘር የሚመዝነው ልማድና የወላጆች ስለትም አለበት።» ይህ ዓረፍተ ነገር የመግቢያው መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። አንባቢው ወዴት እንደምንወስደው ከመጀመሪያው ያውቃል።

3ኛ. ቢጋር ማውጣት

ቤት የሚሠራ ሰው ምሰሶውን ሳይተክል አይማግርም። እኛም ከመጻፋችን በፊት ከወረቀቱ ጀርባ ላይ አጭር ቢጋር እናውጣ፦

መግቢያ፦ አባባሉ ምን ይላል? የእኔ አቋምስ?
አንቀጽ 1፦ የፊታውራሪ ጥፋት (ለአባባሉ ድጋፍ)
አንቀጽ 2፦ በዘር የሚመዝነው ልማድ
አንቀጽ 3፦ የበዛብህ ወላጆች ስለት
መደምደሚያ፦ ፍርዱና የሚያስከትለው ነገር

አንቀጽ 1 ላይ የሌላውን ወገን ሐሳብ ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። የሚቃወመንን ሐሳብ ደብቀን ብንሄድ አንባቢው «ይህችን ረሳት» ይለናል። መጀመሪያ «እውነት ነው፣ ፊታውራሪ ጥፋተኛ ናቸው» ብለን በቅንነት ብንመሰክር ግን ቀጥሎ «ይሁን እንጂ» ስንል ያምነናል።

4ኛ. አንቀጹን መገንባት

መምህራችን እንዳስተማሩን አንድ አንቀጽ አንድ ኃይለ ቃልና መዘርዝር ዓረፍተ ነገሮች አሉት። ለዚህ ዓይነት ድርሰት ሦስት ነገር ይበቃል፦ ሐሳቡ፣ ምስክሩ፣ ማብራሪያው።

ምስክር ስል የእኛን አገር አስቡ። ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። የድጓ ተማሪ የትም አገር ይማር፣ ለመመስከር ወደዚህ ይመጣል። «አውቃለሁ» ማለቱ ብቻ አይበቃውም፤ መምህሩ ፊት ቀርቦ ዜማውን አሰምቶ ነው የሚመሰክረው። ድርሰትም እንደዚያው ነው። «ልማዱ መጥፎ ነው» ብለን ብንጽፍ ገና አልመሰከርንም። ከመጽሐፉ ውስጥ የሆነውን ነገር ማምጣት አለብን። እስቲ አንቀጽ 2ን አብረን እንይ፦

«ሁለተኛው ተጠያቂ ሰውን በዘር የሚመዝነው ልማድ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን የጠየቁትን ሰዎች የመለሱት በዘር አይመጥኑም ብለው ነው። ይህን ሚዛን ግን እሳቸው አልፈጠሩትም፤ ከአባቶቻቸው ተረክበውታል፣ የዘመኑ ሰውም ልክ ነው ብሎ ተቀብሎታል። ጉዱ ካሣ ይህን ልማድ ስለነቀፈ እንደ እብድ ታይቷል። ስለዚህ በፊታውራሪ ቦታ ሌላ ባላባት ቢቀመጥ ኖሮ ሰብለ ወንጌልን ለገበሬ ልጅ ይድራት ነበር ማለት ያስቸግራል።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሐሳቡ ነው። የጠያቂዎቹ መመለስና የጉዱ ካሣ እንደ እብድ መታየት ምስክሮች ናቸው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ምስክሩን ከአባባሉ ጋር ያገናኘዋል፤ «ብቻ» የምትለዋን ቃል የሚመልሳት እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ማርክ የሚቀረው እዚህ ነው፦ ምስክሩን ጠርተን «ታዲያ ምን ይሁን?» የሚለውን ሳንመልስ ወደ ሌላ አንቀጽ እንሄዳለን። ከአንቀጽ ወደ አንቀጽ ስንሻገርም «በመጀመሪያ ደረጃ»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ከዚህም በላይ»፣ «ስለዚህ» የሚሉ አያያዥ ቃላትን እንጠቀም።

5ኛ. መደምደም

መደምደሚያ የመግቢያው ግልባጭ አይደለም፣ አዲስ ምስክር የሚቀርብበትም አይደለም። ፍርዳችንን በሌላ ቃል ተናግረን ፍርዱ ለምን እንደሚጠቅም በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር እናሳያለን። እኔ እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ጥፋቱ የአንድ ሰው ብቻ ቢሆን ያ ሰው ሲሞት መከራው ባበቃ ነበር። ጥፋቱ የልማድም ከሆነ ግን ሌላ ሰብለ ወንጌል በሌላ ቤት ትኖራለች።» እኔ ሴት ተማሪ ስለሆንኩ ይህ ነገር ለእኔ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም። በሕጋችን የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው፤ ሆኖም ሳትጠየቅ የምትዳር ልጅ ዛሬም አለች። በእሷ ጉዳይ አባቷን ብቻ ወቅሰን ብንቀመጥ የጎረቤቱ፣ የዘመዱ፣ የእኛም ዝምታ ሳይጠየቅ ይቀራል። ፈተናው ላይ ግን ይህን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንንካው፤ የተጠየቅነው ስለ ልብ ወለዱ ነውና።

የጊዜ አጠቃቀም

40 ደቂቃ ቢሰጠን 5ቱን አባባሉን ለመፈተሽ፣ 5ቱን ለቢጋር፣ 25ቱን ለመጻፍ፣ 5ቱን መልሶ ለማንበብ እናውለው። ቢጋር ጊዜ ይፈጃል የሚል ካለ፣ ቢጋር የሌለው ሰው አጋማሹ ላይ ቆሞ እስክሪብቶ ሲነክስ የሚያጠፋውን ደቂቃ ይቁጠርለት!

ውድ ተማሪዎች፣ ለልምምድ አንድ አባባል ልተውላችሁ፦ «ጉዱ ካሣ ከዘመኑ ሰዎች ሁሉ ጤነኛው እሱ ነበር።» ትስማማላችሁ? ቁልፍ ቃሏን ፈልጉ፣ አቋማችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያዙ፣ ምስክራችሁን ጥሩ። ድርሰታችሁን ለክበባችን ብታመጡልን ጥሩ ሆኖ ያገኘነውን በሚቀጥለው መጽሔታችን እንጽፈዋለን። የሚቃወመኝም ካለ በደስታ አነባለሁ፤ ብቻ ምስክር ይዞ ይምጣ።

መልካም የጥናት ጊዜ ይሁንላችሁ!