ዳግም የተመረተ የቶነር ካርትሪጅ፦ ጥቅሙና ጥቅሙ የሚጸናባቸው ሁኔታዎች

የሌዘር ማተሚያ ካርትሪጅ ብዙ ጊዜ እንደ ቀለም መያዣ ብቻ ይታያል። በብዙ ሞዴሎች ግን በአንድ የፕላስቲክ አካል ውስጥ ብርሃን ተቀባይ ድራም፣ ድራሙን በኤሌክትሪክ የሚሞላ ሮለር፣ ቶነሩን ወደ ድራሙ የሚያደርስ ሮለር፣ የመጥረጊያ ምላጭና የትራፊ ቶነር ማጠራቀሚያ ተገጥመው ይገኛሉ። ዱቄቱ ሲያልቅ ከእነዚህ መካከል በርካቶቹ ገና ያገለግላሉ፤ ፕላስቲኩማ ጨርሶ አላረጀም። የዳግም ምርት ጥቅም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ በአገራችን ቢሮዎችና ኮፒ ቤቶች የተለመደውን «ማስሞላት» ከዳግም ምርት መለየት ያስፈልጋል። በማስሞላት ጊዜ ዱቄት ይጨመራል እንጂ የተጫረው ድራም ወይም የደከመው ምላጭ አይነካም። ማጠራቀሚያውም ካልተራገፈ ትራፊው ሞልቶ ይፈሳል። በወረቀቱ ላይ የሚታየው መስመርና ግራጫማ ጥላ የዚህ ውጤት ነው። ዱቄቱ ከማተሚያው ሙቀት ጋር ካልተጣጣመ ደግሞ ጽሑፉ በጣት ሲነካ ይለቃል። በዳግም ምርት ግን ካርትሪጁ ይፈታል፣ ይጸዳል፣ ያለቁት ክፍሎች ይተካሉ፣ ከዚያም በኅትመት ይፈተናል። በዳግም ምርት ላይ ከሚሰነዘረው ወቀሳ ብዙው በትክክል የሚመለከተው ማስሞላትን ነው።

ዋጋን በተመለከተ፣ መመዘኛው የአንዱ ካርትሪጅ ሳይሆን የአንዱ ገጽ ወጪ ሊሆን ይገባል። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው አይኤስኦ/አይኢሲ 19752 የጥቁር ቶነርን የገጽ ብዛት መለኪያ ዘዴ ስለደነገገ ንጽጽሩ የሚቻል ነው። ለምሳሌ አዲሱ 100፣ ዳግም የተመረተው 60 የዋጋ አሃድ ቢያወጣና አዲሱ 2,000 ገጽ ቢያትም፣ ሁለተኛው 1,200 ገጽ ላይ ካቆመ የገጹ ወጪ እኩል ነው፤ ትርፉ ከዚያ በላይ ባሉት ገጾች ይጀምራል። ተበላሽቶ እንደገና የታተመ ገጽም ከዚህ ይቀነሳል።

የአካባቢው ሒሳብም እንዲሁ በወረቀት ይፈተናል። ካርትሪጁ በዕድሜው የሚያትመው ወረቀት ከራሱ ክብደት እጅግ ስለሚበልጥ፣ ብዙ ገጽ የሚያበላሽ ምርት በፕላስቲክ ያዳነውን በወረቀት ያጠፋዋል። በዚህ ረገድ የሚቀርቡ ጥናቶችን ማን እንዳስጠና ማየት ተገቢ ነው።

የሕጉ ጥያቄ በአሜሪካ ጎልቶ ታይቷል። ሌክስማርክ ካርትሪጆቹን በቅናሽ ሲሸጥ ገዢው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጠቀምና ባዶውን ለሌላ እንዳይሰጥ ያስገድድ ነበር፤ ባዶዎቹን ሰብስቦ የሸጠውን ኢምፕሬሽን ፕሮዳክትስን በፓተንት ጥሰት ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ባለፓተንቱ ዕቃውን አንዴ ከሸጠ፣ ሽያጩ በውጭ አገር ቢሆንም እንኳ፣ በዚያ ዕቃ ላይ ያለው የፓተንት መብት እንደሚያበቃ ወሰነ። ገደቡ በውል ገዢውን ሊያስር ይችላል፤ በፓተንት ሕግ ግን አይጸናም። ፍርዱ ቺፑን አላስወገደም፤ የማተሚያው ሶፍትዌር ሲታደስ የሌላ አምራች ቺፕን እንዳይቀበል ሊደረግ ይችላል።

ለኢትዮጵያ ተቋማት ጥቅሙ ከውጭ ምንዛሪ ጋር ይያያዛል፤ ሥራው በአገር ውስጥ ቢሠራ ከውጭ የሚገባው ዱቄቱ፣ ድራሙና ቺፑ ሲሆን አካሉና የእጅ ሥራው እዚሁ ይቀራል። ስለዚህ የጨረታ ሰነድ የገጽ ብዛትን በተጠቀሰው መለኪያ፣ የሚተኩ ክፍሎችን በስም፣ ለተበላሸ ካርትሪጅ ምትክንም በግልጽ ሊጠይቅ ይገባል። ባዶው ካርትሪጅ በየክፍሉ ከቆሻሻ ጋር ከተጣለ ግን ለአምራቹ የሚደርሰው ጥሬ ዕቃ የለም።