ጣትን በአሻራ መሣሪያ ላይ ስለ ማሳረፍ

በዘመናችን የጣት አሻራውን ያልተጠየቀ ሰው ጥቂት ነው። ፋይዳ የተባለው የዲጂታል መታወቂያ የዐሥሩን ጣቶች አሻራ፣ የዐይንን አይሪስና የፊትን ፎቶግራፍ ይወስዳል፤ ስልኩን በጣቱ የሚከፍተውማ ስፍር ቍጥር የለውም። ነገር ግን ጣትን በመስተዋቱ ላይ እንዴት ማሳረፍ እንደሚገባ ያስተማረን የለም። ስለዚህ ከፊዚክስና ከባዮሎጂ ትምህርታችን ያገኘሁትን፥ በንባብም ያጠናቀርሁትን ለውድ አንባቢዎቼ በአጭሩ አቀርባለሁ።

አስቀድሞ አሻራ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። የጣታችንን ውስጠኛ ገጽ ወደ ብርሃን አቅርበን ብናየው አዲስ የታረሰ እርሻ ይመስላል፤ ከፍ ከፍ ያሉ መስመሮች አሉ፤ በመካከላቸውም ትልም አለ። መስመሮቹ ሕፃኑ በእናቱ ማሕፀን ሳለ ይሠራሉ፤ ከዚያ በኋላ ጣቱ ያድጋል እንጂ አሠላለፋቸው አይለወጥም። ፍጹም የሚመሳሰሉ መንትዮች እንኳ አሻራቸው ይለያያል። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1892 ስለ ጣት አሻራ ባሳተመው መጽሐፍ፥ መስመሮቹ የሚያልቁባቸውና እንደ መንታ መንገድ ለሁለት የሚከፈሉባቸው ጥቃቅን ነጥቦች ሰውን ከሰው ለመለየት እንደሚያገለግሉ አስረዳ። የዛሬው መሣሪያም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው እነዚህኑ ነው። የነጥቦቹን ቦታና አቅጣጫ ይመዘግባል፤ በሌላ ቀን ከሚያገኛቸው ጋር ያመሳክራል፤ የሚስማሙት ሲበዙ ይቀበላል፤ ሲያንሱ ይመልሳል።

ታዲያ እንቢታው ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው የደጅ ደወል እንደሚጫን ሆኖ የጣቱን ጫፍ ብቻ ይተክላል። በጫፉ ላይ ያሉት ነጥቦች ጥቂቶች ናቸው። የአሻራው እምብርት፥ ማለት መስመሮቹ የሚጠመዘዙበት ቦታ፥ ያለው በወፍራሙ የጣት ሥጋ ላይ፥ ከጥፍሩ ሥር ትይዩ ነው። ስለዚህ ጣቱ ተጋድሞ የጥፍሩ ሥር በመስተዋቱ መካከል ላይ ሊውል ይገባል። በምዝገባው ቀን ግራ ጐኑን፥ በሁለተኛው ቀን ቀኝ ጐኑን ያሳየ ሰው፥ ጣቱ አንድ ቢሆንም ለመሣሪያው ሁለት ሰው ነው።

ኀይልም ልክ አለው። በብርሃን የሚሠራው መሣሪያ ከመስተዋቱ በታች ብርሃን ይልካል። በትልሙ ውስጥ አየር ስላለ ብርሃኑ ተመልሶ ይንጸባረቃል፤ መስመሩ መስተዋቱን በነካበት ግን ይበተናል፥ ይመጠጣልም። ስለዚህ መስመሩ ጥቍር፥ ትልሙ ነጭ ሆኖ ይታያል። አጥብቀው ሲጫኑ መስመሮቹ ተደፍጥጠው ትልሙን ይደፍኑታል፤ ቆዳውም ተስቦ የነጥቦቹ ርቀት ይዛባል። ላብና ውሃም ትልሙን ይሞላሉ። የደረቀ ጣት ደግሞ መስመሩን ቍርጥራጭ አድርጎ ያሳያል፤ መሣሪያውም እያንዳንዱን ቍራጭ የመስመር መጨረሻ ይመስለዋል። ሽማግሌዎቻችን አጥብቀው መጫናቸው አያስደንቅም፤ በቀለም ሲፈርሙ ጸሓፊው ጣታቸውን ይዞ በወረቀቱ ላይ ያትም ነበርና።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን የአክስቴ ነገር ነው። አክስቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጥጥ ይፈትላሉ። ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደው አውራ ጣታቸውን ሦስት ጊዜ ቢያሳርፉ መሣሪያው አልቀበል አለ፤ ሠራተኛውም «እማማ፥ አሻራዎ ጠፍቷል» ብሎ መለሳቸው። በሥራ ላረጁ እጆች እንዲህ ያለ ቃል መናገር ነውር ነው እላለሁ፤ ትክክልም አይደለም። የአሻራው መሠረት ከላይኛው ቆዳ በታች ስለ ሆነ፥ ሥራ የሚፍቀው የላዩን ነው፤ ጥልቅ ጠባሳ ካላገኘው በቀር እጁ ሲያርፍ ተመልሶ ይወጣል። ደግሞም በፈትል ሥራ ይበልጥ የሚደክሙት አውራ ጣትና ሌባ ጣት ናቸው፤ የቀለበት ጣት ከእንዝርት ጋር ብዙም አይተዋወቅም። ዐሥሩም ጣቶቻቸው አስቀድሞ ተመዝግበው ስለ ነበር፥ በሌላ ቀን የግራ እጃቸውን የቀለበት ጣት ቢያሳርፉ ወዲያው ተቀበላቸው።

በእርሻ፥ በሸክላ ሥራ ወይም በልብስ አጠባ ለሚደክሙ ወላጆቻችን ይህን እንንገራቸው። ወደ ምዝገባ ሲሄዱ ማታውን እጃቸውን ቅባት ይቀቡ፤ ጧት ታጥበው ያድርቁ፤ በውሃ ብዛት የተጨማደደ ጣት ግን እስኪመለስ ይቈይ። ጣቱ እጅግ ከደረቀ በትንፋሽ እፍ ማለት ወይም ግንባርን መንካት ጥቂት እርጥበት ይሰጠዋል። በስልክ ላይ የሚመዘግብ ሰው፥ ስልኩ ጣትህን አንሣና መልሰህ አሳርፍ ሲለው፥ መካከሉንም ጐኖቹንም በየተራ ያሳየው፤ ከአንድ ጣት በላይ ማስመዝገብም ይጠቅማል። መስተዋቱም ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ በለስላሳ ጨርቅ ቢጠረግ መልካም ነው፤ የቀደመው ሰው ላብና ቅባት በላዩ ይቀራልና።