ማንኮራፋትና እንጥል ማስቆረጥ

ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነው በደባርቅና በዳባት ደጋ ሌሊቱ ስለሚበርድ በር ዘግተን እሳት ዳር እንተኛለን። ጭሱም አፍንጫን ይደፍናል። በእንቅልፍ የላላው የላንቃ ሥጋና እንጥል በትንፋሽ ሲርገበገቡ ማንኮራፋት ይሰማል። በጀርባ መተኛት ምላስን ወደ ኋላ ይጥላል፤ አረቄም ጉሮሮን ይበልጥ ያላላል።

ታዲያ «እንጥሉ ወርዷል» ብሎ ሕፃን ማስቆረጥ ለምንድን ነው? ደም ፈስሶት ወይም ቁስሉ አመርቅዞ ሊሞት ይችላል። ይህን ለወላጆች ደጋግመን እንንገር። ይልቅስ በጎን መተኛት፣ ራስጌን ከፍ ማድረግ፣ እሳቱን ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ማውጣት ይረዳል።

በጸሎት ስብሰባ የሚያንቀላፋውን ወንድም ሰነፍ ከማለታችን በፊት፣ ሌሊት እንዴት እንደሚተኛ ባለቤቱን እንጠይቅ። ትንፋሹ እየተቋረጠ ታንቆ የሚባንን ከሆነ ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ዘወትር የሚያንኮራፋ ሕፃንም ቶንሲሉ ይታይለት።