የአራስ ማሕፀን ወደ ቦታው እንዴት ይመለሳል

እናቶች ሆይ! በጥያና በአካባቢዋ ባሉ የሶዶ ቀበሌዎች አራስ ስንጠይቅ፥ ቤተሰቡ ዘወትር የሚነግረን ስለ ሕፃኑ ነው። ጠባ ወይ፥ እትብቱ ደረቀ ወይ ይባላል። የእናቲቱን ማሕፀን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ እርሱ ይሆናል።

ማሕፀን እርግዝና ሳይኖርበት ክብደቱ ከ60 እስከ 70 ግራም ነው። ልጁ ሊወለድ ሲደርስ ግን ማሕፀኑ ብቻውን፥ ልጁና እንግዴ ልጁ ሳይቆጠሩ፥ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል። ከወሊድ በኋላ በሳምንቱ ወደ ግማሽ ኪሎ ይወርዳል፤ በስድስተኛው ሳምንት 100 ግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ታዲያ ያ ሁሉ ሥጋ የት ሄደ? ከደም ጋር ፈስሶ የወጣ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም፤ አብዛኛውን ሰውነት እዚያው አፍርሶ መልሶ ይወስደዋል።

የማፍረሱን ሥራ የሚሠራው ኢንዛይም ይባላል። ጠላ የምትጠምቁ ሁሉ ሥራውን ታውቁታላችሁ፤ በብቅል ውስጥ ያለው ኢንዛይም የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል። የማሕፀኑ ኢንዛይም ደግሞ ኮላጅን የሚባለውን ይቆርጣል። ኮላጅን ሥጋን አያይዞ የሚያቆም ገመድ ነው፤ እንሰት ሲፋቅ የሚቀረውን ቃጫ አስቡት፥ እንደዚያ ጠንካራ ነው። ይህን የሚበጥሰውን ኢንዛይም ግሮስና ላፒየር የተባሉ ሊቃውንት በ1962 እ.ኤ.አ. የገለጹት፥ የእንቁራሪት ልጅ ስታድግ በሚጠፋው ጭራዋ ላይ ነበር። የማይመስል ቦታ ነው፤ ዕውቀት ግን እንዲህ ይመጣል።

እነዚሁ የኢንዛይም ወገኖች ከምጥ በፊት የማሕፀኑን አንገት ያለሰልሳሉ፤ በየወሩም ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ሲቀንስ የማሕፀኑን የውስጥ ሽፋን ፈተው የወር አበባ እንዲወርድ ያደርጋሉ። ሰውነት ልጓም አበጅቶላቸዋል፤ ሥራቸው ሲያልቅ የሚገታቸው ሌላ ንጥረ ነገር አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እንግዴ ልጁ የተላቀቀበት ቦታ የእጅ መዳፍ ያህል ቁስል ነው። ከዚያ የሚወርደው ፈሳሽ በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀኖች ቀይ፥ ኋላ ቡናማ፥ ከዐሥር ቀን ገደማ በኋላም ነጣ ያለ ይሆናል። ሽታው የወር አበባ ሽታ ነው። ከከረፋ ግን ጀርም ገብቷል ማለት ነው። ጀርሞችም ሥጋን እየፈቱ የሚዛመቱበት የራሳቸው ኢንዛይም አላቸው፤ ያ ግን ልጓም የለውም። በ1847 እ.ኤ.አ. በቪየና ዜመልቫይስ የተባለው ሐኪም፥ ሐኪሞች አዋላጆች ሆነው ሲገቡ እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ቢያደርግ የወላዶች ሞት እጅግ ቀነሰ።

ስለዚህ አራስን የሚነካ ሁሉ እጁን በሳሙና፥ ሳሙና ከታጣም በአመድ ይታጠብ። ጨርቁ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ብዙ ሴቶች ሰው እንዳያይባቸው ከአልጋ ሥር ያደርቁታል። ዕፍረቱ ይገባናል፤ ነገር ግን ጓሮ ከእንሰቱ ኋላ ፀሐይ የሚያገኝ ስውር ቦታ አይጠፋም። ቅቤ በራስ ላይ ቢደረግ ጠብ የለንም፤ ወደ ማሕፀን ግን ቅቤም ቅጠልም አይግባ።

ሕፃኑ ሲጠባ ሆድ የሚቆርጠው ማሕፀኑ ስለሚኮማተር ነው፤ አትፍሩት፥ አጥቡ። ሽንትም አትያዙ፤ የሞላ ፊኛ ማሕፀኑን እንዳይኮማተር ያውከዋል። ማሕፀኑን በእጃችሁ ብትዳስሱት በመጀመሪያው ቀን እንብርት አጠገብ ጠንክሮ ይገኛል፤ በየቀኑ አንድ ጣት ያህል ይወርዳል፤ በሁለት ሳምንት ከሆድ ላይ አይዳሰስም። ሳይወርድ ከቀረ፥ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለ፥ ፈሳሹ ከከረፋ፥ ወይም ደም ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ካራሰ፥ ገበያ እስኪወጣ ወይም ባል ከመንገድ እስኪመለስ አትጠብቁ፤ አማትም ብትሆን ጎረቤት በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ታድርሳት። በመንግሥት ደንብ የወሊድና የአራስ ሕክምና በጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ነው። ለአባቶችም አንድ ቃል አለን፤ እነዚህን ስድስት ሳምንታት ውሃውን እናንተ አስቀዱ፥ ወይም ቅዱ።