ምዕራፍ ዘጠኝ፦ የአደጋ ቃል አጻጻፍ

በአውቶቡስ ወይም በታክሲ ተሳፍራችሁ ስትሄዱ አደጋ ቢደርስባችሁ ሁለት ተግባሮች ይጠብቋችኋል። አንደኛው ሕይወትንና አካልን ማዳን ነው። ሁለተኛው የሆነውን ነገር ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መግለጽ ነው። ለፖሊስ የሚሰጠው ቃልም ሆነ ለካሣ የሚቀርበው ማመልከቻ የሚሠራው በዐረፍተ ነገር ነው። ዐረፍተ ነገሩ ከተዛባ እውነቱም ይዛባል፤ ተጎጂውም መብቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የአደጋን ቃል አስተካክሎ መጻፍ የቋንቋ ትምህርት አንዱ ክፍል ነው።

ሀ. ከመጻፍ በፊት

ከሁሉ አስቀድሞ የሰው ሕይወት ይቀድማል። የሚደማ ቁስል ቢኖር በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑት። አንገቱን ወይም ጀርባውን የተጎዳ ሰው እሳትን የመሰለ ሌላ አደጋ ካላሰጋው በቀር ከቦታው አታንቀሳቅሱት። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በስልክ ቁጥር 907፣ ፖሊስ ደግሞ በ991 ይጠራል።

«እኔስ ደኅና ነኝ» ብላችሁ ወደ ቤት ለመሄድ አትቸኩሉ። ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ለጊዜው ምንም ሳይሰማው ቆይቶ፣ ከሰዓታት በኋላ ሊያስመልሰውና ከባድ እንቅልፍ ሊጫነው ይችላል። በዚያው ዕለት በሐኪም መታየት ለጤናም ለማስረጃም ይበጃል። የአውቶቡሱን የሰሌዳና የጎን ቁጥር፣ የመድን ሰጪውን ድርጅት ስም፣ የምስክሮችንም ስምና አድራሻ መዝግቡ። የተሳፈራችሁበትን ትኬትና የሕክምና ደረሰኞችን አትጣሉ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን የአበው ምሳሌ አስታውሱ።

ለ. የግሥ ቅርጽና የጊዜ ቅደም ተከተል

ከዚህ በታች ያሉትን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ፦

1. ሳልወርድ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።
2. ስወርድ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።
3. ከወረድሁ በኋላ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።

የሦስቱም ማሰሪያ አንቀጽ «ተንቀሳቀሰ» የሚለው ግሥ ነው። ልዩነቱ ያለው «ወረደ» ከሚለው ግሥ አረባብ ላይ ነው። በመጀመሪያው ተሳፋሪው ገና ከአውቶቡሱ ውስጥ ነው። በሁለተኛው መውረድ ጀምሯል፤ ነገር ግን አልጨረሰም። በሦስተኛው መሬት ረግጧል። አንድ ፊደል ወይም አንድ ቃል ሲለወጥ አደጋው ሌላ አደጋ ይሆናል።

አሁን ደግሞ ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ከሚከተለው ጋር አነጻጽሩት፦

4. አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ወረድሁ።

ሁለቱ ግሦች ያው ናቸው፤ ቦታቸው ግን ተለዋውጧል። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር የቆመ አውቶቡስ ተሳፋሪው ሳይጨርስ እንደሄደ ይናገራል። አራተኛው ግን ተሳፋሪው ከሚሄድ አውቶቡስ እንደወረደ የሚናገር ይመስላል። የተጎጂው ጥፋት ለጉዳቱ ምክንያት ሲሆን ካሣው ሊቀነስ ወይም ሊቀር ስለሚችል፣ በድንጋጤ የተናገራችሁት አራተኛው ዐረፍተ ነገር የሚመዘንባችሁ በእናንተው ላይ ነው።

ሐ. ያዩትን ከሰሙት መለየት

የሚከተለውን ለምሳሌ የተዘጋጀ ቃል አንብቡ፦

«ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ከ30 ገደማ ከመርካቶ ወደ መገናኛ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፍሬ ነበር። አውቶቡሱ ፌርማታ ላይ ቆመ፤ የኋላው በርም ተከፈተ። ግራ እግሬ መሬት ረግጦ ቀኝ እግሬ ገና በደረጃው ላይ ሳለ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። በቀኝ ጎኔ ወደቅሁ፤ የቀኝ እጄንም አንጓ አመመኝ። ሾፌሩ በመስታወት ይመልከት አይመልከት አላየሁም። ከኋላዬ የነበሩ አንዲት ሴት ‹በሩን ሳይዘጋ ሄደ› ሲሉ ሰማሁ።»

ጸሐፊው «አላየሁም» ብሎ ያላየውን እንዳላየ ገልጿል። የሰማውንም «ሰማሁ» ብሎ ለይቶታል። «ሾፌሩ ግድ የለሽ ነው» ወይም «በፍጥነት ሲበር ነበር» አላለም። ይህን የመሰለው አነጋገር ፍርድ ነው እንጂ ምስክርነት አይደለም። ስድብና ግነት የተጎጂውን ቃል ያቀልላሉ እንጂ አያከብዱም። ሕመሙንም ቢሆን «እጄ ተሰብሯል» ሳይሆን «አመመኝ» አለ፤ መሰበሩን የሚናገረው ሐኪሙ ነውና።

መ. ከመፈረም በፊት

ለፖሊስ የሰጣችሁት ቃል ተጽፎ ሲቀርብላችሁ አንብቡት፤ ማንበብ ባትችሉ እንዲነበብላችሁ ጠይቁ። «ስወርድ» ያላችሁት «ከወረድሁ በኋላ» ተብሎ ተጽፎ ከሆነ፣ ሳትፈርሙ እንዲታረም በትሕትና አመልክቱ።

አንዳንድ ጊዜ በአደጋው ስፍራ ሽማግሌዎች ይሰበሰቡና ጥቂት ገንዘብ ተሰጥቶ ነገሩ በዕርቅ እንዲያልቅ ይመክራሉ። ዕርቅ የተከበረ ባህላችን ነው። ነገር ግን የጉዳቱ መጠን ሳይታወቅ የካሣው መጠን ሊታወቅ አይችልም። ስለዚህ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» በሚል ወረቀት ላይ ከሐኪም ውጤት በፊት አትፈርሙ።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ባለተሽከርካሪዎች የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገቡ አስገድዷል፤ በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799ም ይህንኑ ግዴታ አጽንቷል። መብት ግን ጊዜ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 2143፣ ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ካሣ የሚጠየቅበትን ጊዜ በመሠረቱ ሁለት ዓመት አድርጎ ወስኗል። ስለዚህ አትዘግዩ፤ የሕግ ባለሙያም አማክሩ።

መልመጃ

1. «ሳልቀመጥ»፣ «ስቀመጥ»፣ «ከተቀመጥሁ በኋላ» በሚሉት ቃላት ስለ አንድ አውቶቡስ ድንገተኛ መቆም ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ሠርታችሁ የትርጉም ልዩነታቸውን አስረዱ።
2. የሚከተለው ቃል ጉድለቱ ምን እንደሆነ ገልጻችሁ አርማችሁ ጻፉት፦ «ያ ጨካኝ ሾፌር ሆን ብሎ ጣለኝ፤ ሰውም ሁሉ አይቷል።»
3. በመንገድ ያያችሁትን አንድ ክስተት ከአሥር በማይበልጡ ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ። ያያችሁትን አንድ ጊዜ፣ የሰማችሁትን ሁለት ጊዜ አስምሩበት። ሁለት ጊዜ ያሰመራችሁበትን ስታስቀሩ ምን እንደሚቀር ለክፍል ጓደኞቻችሁ አንብቡላቸው።