ብረት ወደ ምግብ እንዴት ይገባል? ለሰውነትስ ምን ይጠቅማል?

ብረት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ማረሻውን፣ መጥረቢያውንና ምስማሩን ነው። ነገር ግን ከዚሁ ብረት ጥቂቱ በእያንዳንዱ ሰው ደም ውስጥ ይገኛል። በአንድ ሙሉ ሰው አካል ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ ቢመዘን ከ3 እስከ 4 ግራም ቢሆን ነው። መጠኑ ትንሽ ይሁን እንጂ ሥራው ታላቅ ነው፤ ከሳንባ ኦክሲጅን ተቀብሎ ለመላው አካል የሚያደርሰው ሄሞግሎቢን ያለ ብረት ሊገኝ አይችልምና።

ብረት ያነሰው ሰው ፊቱ ይገረጣል፤ ጥቂት ሠርቶ ይደክማል፤ ዳገት ሲወጣ ልቡ ይመታል። ሕፃን ቢሆን ትምህርት ለመቀበል ይቸገራል፤ እናት ብትሆን በወሊድ ጊዜ የሚፈሳትን ደም ለመቋቋም ዐቅም ያንሳታል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት ከመቶው 57ቱ ደም ያነሳቸው ሆነው ተገኝተዋል። ወባና የሆድ ትልም ደምን ያሳንሳሉ፤ የብረት ማነስ ግን ከታወቁት ምክንያቶች አንዱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ጤፍ ብዙ ብረት አለው ሲባል እንሰማለን፤ ታዲያ እንጀራ በሚበላበት አገር ደም ማነስ ከወዴት መጣ? መልሱ እንዲህ ነው። ጤፍ በዐውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ ብረት ያለበት ዐፈር ይደባለቀዋል፤ ፍሬውም እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ዐፈሩን ፈጽሞ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ጤፉ ሲመረመር ከሚታየው ብረት ከፊሉ የዐፈሩ ነው፤ እርሱም እንደ ዝገት ያለ በመሆኑ አብዛኛው በሆድ ውስጥ ሳይሟሟ እንደ ገባ ይወጣል። የእህሉንም ብረት ፊታት የሚባል ነገር አስሮ ይይዘዋል፤ ሊጡ በእርሾ ቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ግን ይህ ማሰሪያ ይላላል።

ከብረት ድስት የሚገኘው ብረት ከዚህ ይለያል። ወጥ፣ ይልቁንም ቲማቲም ያለበት፣ በብረት ድስት ሲሠራ ከድስቱ ጥቂት ብረት እየሟሟ ይገባበታል፤ ሰውነትም ይቀበለዋል። በኢትዮጵያ ተደርጎ በ1999 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የታተመ ጥናት፣ በብረት ድስት የተሠራ ምግብ የበሉ ሕፃናት ደም በአሉሚኒየም ድስት ከተሠራላቸው ይልቅ መሻሻሉን አሳይቷል።

ስለዚህ በየቤቱ የሚከተለውን መፈጸም ይገባል።

1ኛ/ የሥጋ ብረት ከእህል ብረት ይልቅ በቀላሉ ወደ ደም ስለሚገባ፣ ዐቅም በፈቀደ መጠን ለሕፃናትና ለእናቶች ሥጋ ማቅረብ።

2ኛ/ በጾም ጊዜ ከሽሮ፣ ከምስርና ከጎመን ጋር ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ጥሬ ቃሪያ መብላት፤ በእነዚህ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ሰውነት ብረቱን እንዲቀበል ይረዳል።

3ኛ/ ቡናና ሻይ ብረቱን ስለሚያስቀሩ፣ ከማዕድ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት።

4ኛ/ ነፍሰ ጡር ሴት በቀን 27 ሚሊግራም ያህል ብረት ያስፈልጋታል። ይህን ከምግብ ብቻ ማግኘት አዳጋች ስለ ሆነ፣ በጤና ጣቢያ የሚሰጣትን የብረት ኪኒን ሳታቋርጥ ትዋጥ፤ ኪኒኑ በብዛት ከተዋጠ ሕፃንን ሊገድል ስለሚችል ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ታስቀምጠው።

በምግብ ውስጥ ብረት መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ የሚጠቅመው ወደ ደም ሲገባ ነው። ለዚህም የሚፈለገው ከገንዘብ ይልቅ ዕውቀትና ጥንቃቄ ስለ ሆነ፣ ያነበበ ላላነበበ ያስረዳ።